የጎሹ ክምር ድርሻ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ መልከ ጼዴቅ፣ አጋም በር

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ክረምቱን እንዴት ወጣው? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ዱባይ ያለችው ጓደኛዬ በየቀኑ እየደወለች ታሰለቸኛለች፤ የእናንተን ድምፅ ግን ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ አልሰማሁም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አንዷለም የሚባል የሞላሌ ልጅ ነው፤ በአይሱዙ በግ ያመላልሳል። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል፣ ሲዘጋ ባለበት ያድራል፤ ስለዚህ ብዘገይ እንዳይቀየሙኝ።

"አለቆችሽ አሁንም ይቆጡሻል ወይ" ላሉኝ፣ መቆጣቱን ትተው መሳቅ ጀምረዋል። ስሜን "የሬዲዮዋ" አድርገውታል። አርኪዮሎጂስት ማለት ቆፍሮ፣ ለክቶ፣ ለባልደረባው የሚጽፍ ሰው ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት "ምድር ቤት" በሚለው ፕሮግራሜ ስለ ገል ስብርባሪና ስለ ጥንት መቃብር ለገበሬና ለነጋዴ አወራለሁ። ዓለም ከተማ ገበያ መሀል ጠረጴዛ ዘርግቼ ዶቃዎቹን ሰው በእጁ እንዲዳስስ ያደረግሁ ጊዜማ ሊያባርሩኝ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን አልጸጸትም። ሰው የእኔ ነው ያላለውን ነገር አይጠብቅም። የጎሹን ክምርም ያተረፍነው በዚሁ መንገድ ነው። ከመንደራችን በላይ ያለው ያ ትልቅ የድንጋይ ጉብታ የጥንት ሰዎች መቃብር መሆኑ ሲታወቅ፣ ሽማግሌዎቹን በሬዲዮ እስከ ቀደምት አባታችን እስከ ጎሹ ድረስ ትውልድ ባላስቆጥራቸው ኖሮ ድንጋዩን ለአጥር ይጨርሱት ነበር።

አሁን ግን አንዷለም ክፉ ወሬ ነገረኝ። ክምሩን በገመድ እየለኩት ነው አለኝ። እውነት ነው ወይ? ወንድሜ ፍሬውስ ምን እየሠራ ነው? የክምሩ ጠባቂ ያደረግነው ደመወዝ እንዲበላ ብቻ አይደለም። ጥር ላይ ከባልደረቦቼ ጋር መጥቼ መቃብሩን ለመክፈት ፈቃድ ይዣለሁ፤ እስከዚያ አንድ ድንጋይ መነሳት የለበትም። ፍሬው በእጁ እንዲጽፍልኝ ይንገሩልኝ። ሚስቱን መስታወትንና ልጆቹን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ጽናት


አጋም በር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽናት፣

ቸሩ መድኃኔ ዓለም ካለሽበት ይጠብቅሽ። ጉልበቴ ማሕሌት ይቆምልኛል፣ ዳገት ግን እምቢ ብሏል።

ገመድ መጣሉ እውነት ነው። ብትቆጪም ስሚኝ፤ ነገሩ ከአንቺ ነው የተነሳ። ጎሹ ሦስት ልጆች ወለደ ብለው ሽማግሌዎቹ በሬዲዮ ሲናገሩ አንቺ እሰይ እያልሽ ታስቆጥሪያቸው ነበር። ሦስት ልጆች ካሉ ሦስት ድርሻ አለ። የአባቶቻችን ርስት እንዲህ ሆኖ ነው ሲካፈል የኖረ። መሬቱ ከተወረሰ ወዲህ የሚለኩት አጥተው የቆዩት ሽማግሌዎች ገመዳቸውን ከቆጥ አውርደው ሲሰበሰቡ ብታያቸው፣ ከዘራቸውን የረሱ እንኳ አሉ።

ይህ ብቻ ቢሆን በጨዋታ ያልፍ ነበር። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ጨውም ዘይትም ይጠፋል፤ በዚህ መሀል ቀየት ገበያ ላይ አንድ የጥንት መቃብር ዶቃ ገዥ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ የሦስቱም ቤት ሰው ዶማውን ይዞ ወጣ።

ፍሬው መጀመሪያ ክምሩ አናት ላይ ተቀምጦ "ከእኔ ጀምሩ" አላቸው። ተሸክመው አወረዱት። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደግመው አወረዱት። ጠባቂ ብትይው አንድ ሰው ነው፤ የሚከለክለውም የገዛ ዘመዱን ነው። በኋላ ለእሱም ድርሻ ወጣለት። ለአንቺም ወጥቶልሻል፤ ሴት ልጅ ርስት አላት፣ አገር ብትለቅም ድርሻዋ አይበላም ብለው ከእሱ ጎን ለክተው ሰጥተውሻል። እሱም "የእኔንና የእህቴን ሌላ ሰው ከሚንደው ራሴ በሥርዓቱ ልቆፍረው" ብሏል። እንዴት አድርጎ መቆፈር እንዳለበት ጠይቁልኝ ይላል። ብዕር ሲያነሳ እጁ እንደሚከብደው ታውቂዋለሽ። ቶሎ ጻፊለት።

አጎትሽ መልከ ጼዴቅ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታዬ ይቅደም።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ንዴቱ ጀመረኝ። ሰባት ዓመት የለፈለፍኩት ለዚህ ኖሯል? ድርሻዬን አልፈልግም ብል ሌላው ይንደዋል፤ እፈልጋለሁ ብል ከዘራፊዎቹ አንዷ ሆንኩ። ፖሊስ እንዳልልክ በዚህ ጊዜ ማን ያንን መንገድ ይወጣል? ፍሬው ልክ ነው። ክምሩ ሁሉ ከሚጠፋ በእኛ ድርሻ ያለው እንኳ ይትረፍ።

ስለዚህ አስቀምጠውት ይህንን ያንብቡለት። ጉድጓዱን ጠባብ አድርጎ ይጀምር። ያገኘውን ሁሉ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ለይቶ በየከረጢቱ ያኑር። ከሁሉም ከሁሉም ግድግዳው። ግድግዳው እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ማለት አለበት። ጎረቤቶቹ እንደሚያደርጉት አጋድሞ ከናደው አፈሩና ድንጋዩ ይቀላቀላል፤ እኔ ጥር ላይ ስመጣ የማነበው ነገር አላገኝም። ቀጥ ካለልኝ ግን አንድ ፊት ይበቃኛል። ስንት ጊዜ እንደተከመረ፣ በመካከሉ ምን ያህል ዘመን እንደቆየ ከዚያ አወጣዋለሁ። ደግሞም መቃብሩ እስኪታይ እንዳያቆም። ግማሽ ላይ ከተወው ሌሎቹ በአንድ ቀን ይጨርሱታል።

ይህን ያህል ዓመት ስቆፍር ከጎኔ ቆሞ አይቷል፤ አያቅተውም። ለእሱ የሚሆን ጓንትና ብሩሽ ለአንዷለም ሰጥቻለሁ።

ገብሱስ እንዴት ሆነ? ውርጭ ወረደ ሲሉ ሰማሁ።

ልጅዎ ጽናት


አጋም በር፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽናት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዳልሽውም አንብቤለታለሁ።

ቁፋሮው ቆሟል። ይህን ለመስማት እንደምትጓጊ ስለማውቅ አስቀደምኩት። ሦስቱም ቤት ከክምሩ ወርደዋል። ገመዱ ተጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ዶቃ ገዥውንም ራሳቸው ናቸው ያባረሩት። ከእንግዲህ እዚያ ላይ ዶማ የሚያነሳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ገብሱን ለጠየቅሽኝ፣ የላይኛውን ውርጭ መትቶታል፤ የታችኛው ግን ተርፎ ገብቷል። የፍሬውን ማሳ ሦስቱም ቤት ደቦ ወጥተው አጭደውታል። በጎቹ ከእኔ በጎች ጋር ናቸው። መስታወትና ልጆቹም ከእኛ ዘንድ ናቸው፤ ብርዱ በርትቷልና አብረን ብንሆን ይሻላል አልን። ሰላም ብለውሻል። ሦስቱም ቤት በአንድ ቃል ሰላም ብለውሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አይግረምሽ። እዚያ ንስሐ አባትሽ ማን ናቸው? የየትኛው ደብር? ጎረቤትሽስ ማን ናት? በማለዳ በርሽን ብታንኳኳ የማትደነግጪባት ዓይነት ሰው አለችሽ? እንዲህ ያለውን እስከ ዛሬ ሳልጠይቅሽ መቆየቴ ስንፍና ነው። ይህን ጻፊልኝ። ሌላው ይቆየን።

አይዞሽ።

አጎትሽ መልከ ጼዴቅ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

እንዴት እንዳስደሰቱኝ ቢያውቁልኝ። ቁፋሮው ቆሟል የሚለውን መስመር ለአለቃዬ ወስጄ አነበብኩለት። የሚስቀውን ሳቅ አጣው። እሑድ ደግሞ በፕሮግራሜ ተናግሬዋለሁ፤ ሬዲዮ ካለ ሰምታችሁት ይሆናል። አንድ መንደር በራሱ ጊዜ ዶማውን አስቀመጠ፣ ይህም የሆነው ፍሬው የሚባል አንድ ጠባቂ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ቆፍሮ ስላሳያቸው ነው፣ እሱም ወንድሜ ነው ብዬ ኮራሁበት። በማግስቱ ከየአገሩ የሚደውለው ሰው ብዛት ሌላ ነው። አንዱ ከጎጃም "ወንድምሽን በሬዲዮ አቅርቢልን" ብሎኛል።

ግን ይህ ጅል አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ያቅተዋል? ጓንቱ ልክ ሆነለት? ጉድጓዱስ ስንት ደረሰ? ደቦ ወጥተው አጨዱለት ሲሉኝ እሱ የት ሄዶ ነው ብዬ ነበር፤ መቼም ግድግዳውን ሲያስተካክል አዝመራውን ረስቶት ይሆናል። ያደርገዋል። የእጁን ጽሑፍ ካላየሁ ለመስታወት የገዛሁትን ነጠላ አልልክም ብላለች በሉት።

ንስሐ አባት የለኝም፤ አይቆጡኝ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ጎረቤቱን በጫማው ድምፅ ነው የሚያውቀው። እኔን ደግሞ በሬዲዮ ድምፄ ያውቁኛል፤ ሊፍት ሲበላሽ ሰላም እንባባላለን። ምነው፣ ሊድሩኝ አስበው ነው?

ልጅዎ ጽናት


አጋም በር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽናት፣

የእሑዱን ሰምተነዋል። የመንደሩ ሰው በሙሉ ሰምቶታል። ሲያልቅ ሬዲዮውን የሚዘጋው ሰው ጠፍቶ ብዙ ዘፈን ዘፈነብን።

ልለምንሽ። ፍሬውን ለጊዜው በሬዲዮ አታንሺው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ሦስት ሰዎች ወደ አንቺ ልከን ነበር፤ ከየቤቱ አንዳንድ። ሞላሌ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። እኔም አብሬ ልወጣ ተነስቼ ጉልበቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አላሳለፈኝም። እንደገና ይሞክራሉ። እስከዚያ ድረስ አዲስ አበባ ቄስ ገብረ አማኑኤል የሚባሉ የአገራችን ሰው አሉ፤ አድራሻቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ሄደሽ ተዋወቂያቸው። ብቻሽን አትሁኚ።

ስለ ጓንቱ ለጠየቅሽኝ፣ ልክ ሆኖለት ነበር።

አጎትሽ መልከ ጼዴቅ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰዎቹን አይላኩ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሰው ከሄደ በኋላ የቀረውን እያየሁ የጎደለውን ማወቅ ነው። ደብዳቤዎችዎን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ እንደ ሥራዬ አነበብኳቸው። ክምሩ ላይ ሲጣሉ የነበሩ ሦስት ቤቶች በአንድ ቃል ሰላም ይሉኛል። የአንድ ጎልማሳ ሰው ማሳ በደቦ ይታጨዳል፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ከባሏ አጎት ቤት ትገባለች፤ በጎቹ ከእርስዎ በጎች ይቀላቀላሉ። እርስዎ ደግሞ በማለዳ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ይፈልጉልኛል። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። መርዶ በማለዳ እንደሚነገር፣ ንስሐ አባትና ጎረቤት ተፈልጎ፣ ሰው ከቦ እንጂ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። እያወቅሁ ሊድሩኝ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩብዎት።

እርስዎ አንዲት ውሸት አልጻፉልኝም፤ ይህንንም አይቻለሁ። እንዳላየሁ ሆኜ የቆየሁት እኔ ነኝ። ደስ የሚለውን ብቻ አንስቼ ወደ ሬዲዮ ሮጥኩ።

ፍሬው ሞቷል። ይኸው ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ የሚከብድዎት ነገር የለም። አሁን የማላውቀው እንዴት እንደሞተ ነው። ሰው መትቶት ከሆነ ይንገሩኝ። በእኔ ምክንያት ከዘመድ ተጣልቶ ከሆነም ይንገሩኝ። በየቀኑ አንድ ዓይነት አሟሟት እያሰብኩለት ነው የማድረው፤ ከዚህ ሁሉ እውነተኛው አንዱ ይሻለኛል።

ጽናት


አጋም በር፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ጽናት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል አንገትሽን አቅፌ ልነግርሽ ሲገባኝ በቀለም ጻፍኩት። ከአባቶቼ እንዲህ ያደረገ የለም። ይቅር በይኝ።

ማንም አልመታውም። ማንም አልተጣላውም። ለዚህ ስትሰጊ ከኖርሽ ዕረፊ፤ የሚከተለው ግን አያሳርፍሽም። ጠይቀሽኛልና እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብለት ስለ ግድግዳው ያለውን አስደገመኝ። በማግስቱ ጀመረ። እንዳልሽው ጠባብ አድርጎ፣ እንዳልሽው ቀጥ አድርጎ። ቱምቢ ከግንበኛ ተውሶ ድንጋዩን በእሱ እየለካ ያስተካክለው ነበር። የሌሎቹ ጉድጓድ እንደ ሰፌድ የተንጋለለ ነው፤ ድንጋይ ቢንሸራተት እግር ይመታል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የእሱ ግን ወገቡን አለፈ፣ ትከሻውን አለፈ፣ ኋላም ከላይ ቆመሽ ባርኔጣው ብቻ ይታይሽ ጀመር። ሰው ሥራውን ትቶ እየመጣ ያየው ነበር። የጎረቤታችን የዘነቡ ልጅ "ይህ ቤት ነው እንጂ ጉድጓድ አይደለም" ብሎታል። እኔም ከታች ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ያምር ነበር። አንቺ ስትቆፍሪ ግድግዳው በእንጨት ይደገፍ እንደነበር ያስታወሰ ሰው አልነበረም። እኔ አላስታወስኩም። እሱም ሌላው ሁሉ ትዝ ሲለው ይህ ብቻ ቀረበት። አንቺም አልጻፍሽልንም።

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ረፋድ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ላይ ተናዱበት። ሦስቱም ቤት በእጃቸው ድንጋይ ሲያነሱ ዋሉ። የማን ድርሻ ነው ያለ አልነበረም። ባገኙት ጊዜ ነፍሱ ከወጣች ቆይቷል። ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በሰሜን በኩል፣ ከእናታችሁ እግር ሥር ነው ያረፈው። አርባውም ወጥቷል።

ለመውቀስ አልጻፍኩትም። ግን እንዴት ስላልሽኝ፣ ከዚህ የተለየ እንዴት የለኝም። መስታወት እስከ ዛሬ ያንን የግድግዳውን ደብዳቤሽን አላየችም። እንዳቃጥለው ከፈቀድሽ አቃጥለዋለሁ።

ጉድጓዱ እስካሁን ክፍት ነው። ከታች ምን እንደደረሰበት አናውቅም፤ ማንም ሊወርድ አልወደደም።

አጎትሽ መልከ ጼዴቅ


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ደብዳቤውን አያቃጥሉት። ለመስታወት ያንብቡላት። ከእኔ ብትሰማው ይሻል ነበር፤ መንገዱ ግን እርስዎ እንደሚያውቁት ነው። ብትረግመኝ ዝም ይበሏት፣ አያባብሏት። ጉድጓዱን ይድፈኑት። የክምሩን ፈቃድ መልሻለሁ። "ምድር ቤት" ያለፉትን ሁለት እሑዶች አልተላለፈም፤ በቦታው ዘፈን አስገብተዋል። የሚቀጥለውን አላውቅም። አንድ እሑድ ግን እቀርባለሁ፤ ለሕዝብ እንዴት እንደሚቆፈር ሰባት ዓመት ስነግር፣ ሰው ከጉድጓድ በሕይወት እንዴት እንደሚወጣ አንድም ቀን እንዳልነገርኩ እነግራለሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፄን መስማት የሚፈልግ ካለ እናያለን።

መርዶዬን ማን እንደነገረኝ ግን ይወቁልኝ። ብቻዋን ሆና ሰማች ብለው እንዳያዝኑ ነው።

አንዷለም የጠራኝ በግ ተራ ነው፣ በጎቹን እያራገፈ። ከዚህ በፊት ደብዳቤ ሲሰጠኝ ወሬ ያበዛ ነበር፤ ያን ቀን ፖስታውን በሁለት እጁ ሰጥቶኝ ሳይሄድ ቆመ። ከኅዳር ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ቱምቢው ላይ ስደርስ ከበጎቹ መሀል ተቀመጥኩ። ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈልኝ። እኔ ስጮህ የበግ ነጋዴዎቹ ዱላቸውን ጥለው መጡ። ምን ሆነች ሳይሉ ኮፍያቸውን እያወለቁ ተቀመጡ። መርዶ መሆኑን ለማወቅ ማንም አልነገራቸውም። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ በድምፄ አወቀችኝ፤ "የምድር ቤቷ ናት" ብላ ለሰዎቹ ተናገረችና ነጠላዋን ዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሟ ዘነበች ነው፤ እስካሁን ትጠይቀኛለች። ብዙዎቹ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው። እስኪመሽ ከእኔ ጋር ቆዩ፤ በጎቻቸውም ሳይሸጡ ቀሩ።

ስነሳ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ደገፉኝ። የፕሮግራሜ አድማጭ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያመለጣቸው እሑድ የለም። የጎሹን ክምር ነገር ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል። ጥቂት አብረውኝ ከተራመዱ በኋላ ጎንበስ ብለው፣ እንደማፈር እያሉ፣ "ለመሆኑ ልጄ፣ ከታች ምን ተገኘ?" አሉኝ።

አልተቆጣሁም። ይህን እንዲጠይቁ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

"ወንድሜ" አልኳቸው።

ልጅዎ ጽናት